ጋሼ «ሰው አለበት»

በዓለም ላይ ወንበር ያነሰው ሰው ስለበዛ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ወንበር ያነሰው ለሌለ ሰው ቦታ የሚይዙ ሰዎች ስላሉ ነው።

ታውቋቸዋላችሁ። ወገባችሁ ተቆርጦ ክሊኒክ ትገባላችሁ፤ አንዲት ባዶ ወንበር ታያላችሁ፤ ልትቀመጡ ጎንበስ ስትሉ ከጎን አንድ እጅ ይወጣና ኮፍያ ይጥልባታል። «ሰው አለበት።» ሰውየው የት አለ? «መጣሁ ብሎ ወጣ አለ።» መቼ ነው የሚመጣው? «አሁን።» ይህ «አሁን» የሚሉት ሰዓት እናንተ ታክማችሁ እስክትወጡ አይደርስም። እናንተ ቆማችሁ፣ ኮፍያው ተቀምጦ ትውላላችሁ። ከሁሉ የሚያናድደው የያዡ ፊት ነው፤ የጽድቅ ሥራ የሚሠራ ይመስል ፍጹም ሰላም ሰፍኖበታል።

የዚህን ወገን ተራ አባል ባገኝ ምን ነበረበት! ዕጣዬ ሆኖ የምሠራው ከአለቃቸው ጋር ነው። ክቡርነታቸው የአንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት የቲኬት ክፍል ኃላፊ ናቸው። እኔ ደግሞ ከቲኬት አዳራሹ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ የድርጅቱን ዳታቤዝ የያዘውን ሰርቨር እጠብቃለሁ። የእሳቸውን ስም የሚጠራ የለም፤ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ጋሼ ሰው አለበት» ይላቸዋል። እሳቸውም «አቤት» ይላሉ።

የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስትዳር ጋሼ በጠዋት አዳራሽ ገብተው አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ያዙ። ጃኬታቸውን አንዱ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላቸውን ሌላው ላይ፣ መነጽራቸውን፣ የቁልፍ እስራቸውን፣ በመጨረሻም አንድ እግር ጫማቸውን ሳይቀር አከፋፈሉት። የሙሽራዋ አጎቶች መጥተው ሊቀመጡ ሲሉ «ሰው አለበት» ተባሉና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ጠረጴዛው ለማን ነበር የተያዘው? ለሙሽራዋ አጎቶች። ጋሼ በመልክ አያውቋቸውም።

አንድ ሹፌራችን የሞተ ጊዜ ደግሞ ቀብሩ ላይ ከፊቴ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ። ቀብር ላይ ነን እኮ! «ትንሽ ፈቀቅ በይ ልጄ፣ ወንድሙ ከሩቅ እየመጣ ነው» አሉኝ። ፈቀቅ አልኩ። ሌላውንም ፈቀቅ አስደረጉት። አፈር ሊመለስ ሲል ወንድሙ አቧራ እንደለበሰ ደረሰና በዚያች ክፍተት ገብቶ ተሰናበተው። እኔ ያን ቀን ልብ ያልኩት ክርናቸው ጎኔን ሲወጋኝ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ሰው ቻይ ነው። ሰርቨሬ ውስጥ ሲገቡብኝ ግን ደሜ ፈላ።

ለምን እንደፈላ እንዲገባችሁ ሰርቨሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አትሽሹ፣ ከአማት ጋር እንደ መኖር አይከብድም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ቲኬት ቆራጭ ስክሪኑን ሲከፍት ሰርቨሩ ለእሱ ብቻ አንድ ሠራተኛ ይመድብለታል። በሙያችን ትሬድ እንለዋለን። ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ በሆዱ ግን ብዙ ትሬዶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የቆራጩ ትሬድ ጥያቄውን ይቀበላል፣ የአውቶቡሱን የወንበር ዝርዝር ያገኛል፣ ይጽፋል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ቆራጩ ስክሪኑን ሲዘጋ ትሬዱ አይባረርም፤ አዲስ መፍጠር ጊዜ ስለሚበላ ጥግ ይዞ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል። እያንዳንዱ ከማሽኑ ሜሞሪ ላይ ድርሻውን ስለሚበላ ቁጥራቸው ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የመጣ ሰው በር ላይ ይመለሳል።

ሁለት ትሬዶች አንድ አውቶቡስ ላይ ቢገጣጠሙስ? ቀድሞ የደረሰው ይቆልፋል፣ ጽፎ ይጨርሳል፣ ይከፍታል። የዘገየው ቆሞ ይጠብቃል። አይጋፋም፣ አይሳደብም፣ «ውስጥ ዘመድ አለኝ» አይልም። እንደ ትሬድ ያለ ጨዋ ፍጡር እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆመው በአንድ እምነት ነው፤ የቆለፈ ሰው ሥራውን ጨርሶ ይከፍታል በሚል እምነት።

ጋሼ ግን ቆልፈው ምሳ ይሄዳሉ።

ወንበሩን ይከፍታሉ፤ የተጓዡን ስም የሚጠይቀው ሣጥን ላይ ሲደርሱ ይተዉታል። የእሳቸው ትሬድ ቁልፉን በእጁ ይዞ ስም ይጠብቃል። የእኛ ሲስተም ደግሞ፣ የሠራው ሰው እጁን ይባርከውና፣ አንዲት ወንበር ለመሸጥ ሙሉውን አውቶቡስ ነው የሚቆልፈው። ያንን አውቶቡስ የነካ ቆራጭ ሁሉ ትሬዱ ሄዶ ከጋሼ በር ላይ ይገተራል። ቆራጩ ስክሪኑ ሲደርቅበት ምን ያደርጋል? ዘግቶ እንደገና ይከፍታል። አሮጌው ትሬድ በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ለአዲሱ መስኮት ሌላ ትሬድ ይመደባል፤ እሱም ሄዶ ከጀርባው ይቆማል። ቆራጩ ይናደዳል፣ እንደገና ይከፍታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ጣሪያው ይሞላል፤ ሌላ አውቶቡስ የሚፈልገው ሰው እንኳ የሚያስተናግደው ትሬድ ያጣል። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ያቺ የተረገመች ቃል ትጮሃለች። «ሲስተም የለም!»

ሲስተሙ አለ! ስንት ትሬድ በተሰለፈበት፣ ማሽኑ ትኩስ ትኩስ በሚተነፍስበት፣ እንዴት ነው የለም የሚባለው?

ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው የሚያውቀው። የሆነ ሥልጠና ላይ ትሬድ የሚል ቃል ሰምቶ መጣ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ። «ትሬድ ጨምሪ!» ይለኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።»

«ሎሚው የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ከሆነስ?» እለዋለሁ። «በሩ ላይ የሚቆመውን ሰው ብናበዛ ምን ይጠቅመናል?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታከሪያለሽ።»

አንድ ጊዜ አስገድዶኝ ጨመርኩለት። ማሽኑ ከአንዱ ትሬድ ወደ ሌላው ሲሯሯጥ ለማንም ሳይሠራ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ተዝለፍልፎ ተኛ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሳስነሳው ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ «ምናልባት የጨመርሽው አንሶ ይሆን?» አለኝ። በእጄ የያዝኩትን ብሎን መፍቻ ለጥንቃቄ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።

የሰርቨሩ ፈጣሪዎች ለእንዲህ ያለው ቀን አስበውበታል። ጣሪያው ሞልቶ እንኳ ለጠባቂው ብቻ አንዲት ትርፍ ቦታ ያስቀራሉ፤ ቤቱ ሲታፈን ገብቶ በር የሚከፍት ሰው እንዳይጠፋ። ያቺ ቦታ የእኔ ናት። እኔ በዓመት ፈቃድ ላይ ሳለሁ ሥራ አስኪያጁ የጠባቂውን ፓስወርድ «ለጥንቃቄ» ብሎ ለጋሼ ሰጣቸው። ሁልጊዜ ባዶ የምትቆይ አንዲት ቦታ መኖሯን ለጋሼ መንገር ለድመት ሥጋ አደራ መስጠት ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው፤ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም።

የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳበት ሰዓት ተቃርቧል። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ቲኬት ቆራጭ ሳታንኳኳ ክፍሌ ገባች። «እህቴ በናትሽ አንድ ነገር አድርጊ። አንዲት ሴትዮ አለች፤ እህቷ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ትገባለች፤ ‹እህቴን ሳላይ አልገባም› ብላ አልጋውን ይዛ ሐኪሞቹን እምቢ ብላቸዋለች። ተራው ካለፈ ለሌላ ታማሚ ይሰጣል፤ እንደገና መቼ እንደሚደርሳት አይታወቅም። ስክሪኑ ደግሞ ድርቅ ብሏል።»

ወጥቼ በመስኮቱ አየኋት። ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ላብ ያጠመቃት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት ናት። አትጮህም። የሚጮኸው ሌላው አዳራሽ ነው። እሷ «ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ፣ መሬትም እቀመጣለሁ» እያለች ለመስታወቱ ትነግረዋለች። ሕጋችን ቆሞ መሄድ አይፈቅድም።

ተመልሼ በትርፏ ቦታ ልገባ ፓስወርዴን መታሁ። ሰርቨሩ አልተቀበለኝም። ደግሜ መታሁ። አሁንም አልተቀበለኝም። በራሴ ቤት፣ በራሴ በር፣ ለእኔ ተብላ በተቀመጠች አንዲት ቦታ፣ ሰው አለበት!

ማን እንደሆነ ለማወቅ ሰርቨር አያስፈልግም። ወደ ጋሼ ቢሮ ሮጥኩ። ተቆልፏል። በበሩ መስታወት ሳይ ስክሪናቸው ላይ ሁለት መስኮት ተከፍቷል። በአንዱ የመጨረሻውን አውቶቡስ ወንበር ይዘዋል። በሁለተኛው፣ በእኔ ቦታ ገብተው፣ የያዙት መያዙን ይጠብቃሉ። በቁሜ ነደድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ መጥቶ «አጥፍተሽ አብሪው!» አለ። ባጠፋው በየመስኮቱ በግማሽ የተሠራው የሌላ አውቶቡስ ሽያጭ ሁሉ ይበተናል። «ጋሼ የት ናቸው?» አልኩት። «ግቢ ውስጥ። ዕቃ ጭኖ ለሚመጣው መኪናዬ ማቆሚያ እንዲይዙልኝ ልኬያቸው ነው።» ወደ ግቢው ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ፣ በሁለት መኪናዎች መካከል፣ ክንዳቸውን እንደ መስቀል ዘርግተው ቆመው አገኘኋቸው። አንድ ባለ ቫን ጥሩምባውን ይነፋባቸዋል። እሳቸው በፍጹም ሰላም «ሰው አለበት» ይሉታል።

«ጋሼ! የመጨረሻውን አውቶቡስ ቆልፈው ነው የወጡት?»

«አልቆለፍኩም ልጄ። ይዤ ነው።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«ገና አልመጣም።»

«ስሙ ማን ነው?»

«እስኪመጣ ስሙን በምን አውቀዋለሁ?»

ከንዴቴ ብዛት አንቱታው ጠፋኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ልታሳብደኝ ነው? ለማታውቀው ሰው፣ ላልመጣ ሰው፣ መናኸሪያውን በሙሉ አቆምከው እኮ!» ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ባለ ቫኑ እንኳ ጥሩምባውን አቆመ።

ጋሼ አልተቆጡም። «ስሚኝ ልጄ» አሉ፤ ክንዳቸውን ግን አላጠፉም። «ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚህ መናኸሪያ ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል አንድ የሚሮጥ ሰው ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ወይ የታመመበት ነው፣ ወይ የሞተበት። ደህና ሰውማ ጠዋት መጥቶ ይገዛል። በፊት በወረቀት ጊዜ አንዷን ወንበር በኪሴ አስቀርለት ነበር። አሁን ማሽኑ ስም ካልሰጠኸኝ አልጨርስም ይላል፤ አለቃ ደግሞ ወንበር ሳይሸጥ እንዳይቀመጥ ከልክሏል። ከፍቼ እተወዋለሁ እንጂ ምን ላድርግ? ዛሬ የመጨረሻዋ ወንበር ናት። ባልይዛት ወዲያው ትሸጥ ነበር።»

«መጥታለች!» ብዬ ጮህኩ። «ያ የሚሮጥ ሰው መጥቷል! ሦስተኛው መስኮት ላይ ቆማለች! እህቷ ነገ ቀዶ ጥገና ትገባለች! በሩን የዘጋባት ደግሞ የእርስዎ ወንበር ነው!»

ጋሼ የያዙትን ቦታ ትተው ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክንዳቸው ወረደ፤ ወዲያው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት። ባለ ቫኑ ሳቅ እያለ የሥራ አስኪያጁ ቦታ ላይ ቆመ።

ከኋላቸው እየሮጥኩ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ዞረ። ጋሼ ወንበሩን ዝም ብለው ቢለቁት በሩ ላይ ከቆሙት ትሬዶች የመጀመሪያው በዓይን ጥቅሻ ይወስደዋል፤ የማን ይሁን የማን፣ ምናልባትም ተሰላችቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ትሬድ ጌታው መሄዱን አያውቅም፤ ተራው ሲደርስ ይጽፋል። በዚያች ሰዓት ያንን አውቶቡስ መጻፍ የሚችል ያለው ቁልፉን የያዘው የጋሼ ትሬድ ብቻ ነበር።

«እንዳይለቁት!» ብዬ ጮህኩ። ይህን ቃል ለእሳቸው እላለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። «እንዳይለቁት ጋሼ! ስሟን እዚያው ይጻፉበት!»

ሦስተኛው መስኮት ያለችው ልጅ ተጓዧን በክንዷ ይዛ ወደ ቢሮው አመጣቻት። ጋሼ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ግንባራቸው ላይ ነበር። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ኪቦርዱ ላይ መልቀም ጀመሩ። ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ «ማነው መኪና ማቆሚያዬን የያዘው?» እያለ ይጮሃል። እኔ እጄን ወደ ኪቦርዱ ስዘረጋ ጋሼ ሳያዩኝ «አንሺ እጅሽን፣ ትሳሳቻለሽ» አሉኝ።

«የአባትሽ ስም?» አሏት።

ነገረቻቸው። የጥሩምባው ድምፅ ዋጠውና ደገመችላቸው። ጻፉ። ደግመው አነበቡ። አንድ ፊደል አጥፍተው አስተካከሉ። ጥርሴ ሊሰበር ደረሰ። ጨርስ የሚለውን ተጫኑ። ማተሚያው ቲኬቱን ተፋው። ሴትዮዋ ቲኬቱን ነጥቃ ሮጠች፤ አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ ዞር አላለችም። ጋሼም ከኋላዋ «ሩጪ! ሩጪ!» እያሉ ነበር። በመስኮቱ ስናይ ረዳቱ በሩን ይዞላት ገባች፤ አውቶቡሱ ወጣ። እህቷ ምን እንደሆነች እስካሁን አላውቅም፤ መናኸሪያ መነሻ እንጂ መድረሻ አያሳይም።

የጋሼ ትሬድ ቁልፉን እንደለቀቀ በሩ ላይ ተገትረው የነበሩት ሁሉ ተራ በተራ ገብተው «ሞልቷል» የሚል መልስ ይዘው ወጡ። የአዳራሹ ስክሪኖች ባንዴ ነፍስ ዘሩና ባንዴ መጥፎ ወሬ አወሩ። ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ዘሬ እስኪቆጠር ተሰደብኩ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ እኔንም ጋሼንም ቢሮው ጠራን። «ያን ያህል ጊዜ ሲስተሙን ያቆመው ማነው? ዛሬ አልምርም። ጥፋተኛው ከዚህ ክፍል ይነሳል።» ጋሼ አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል። ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ነው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ትሬድ አንሶን ነው» አልኩ።

እነዚያን ቃላት ከአፌ ለማውጣት ምን ያህል እንደታመምኩ የሙያዬ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በደስታ መታው። «ብዬ አልነበር! ስንት ዘመን ስነግርሽ! ሃምሳ ሎሚ!» አለ። አጨብጭቦ ሸኘን። ይህን ንግግር እስካሁን በየስብሰባው ይደግመዋል፤ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ እሰማዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼን አቆምኳቸውና ያለኝን ንዴት ሁሉ አራገፍኩባቸው። የጠባቂውን ፓስወርድ ዛሬውኑ እንደምቀይር፣ ሁለተኛ ያችን ትርፍ ቦታ ቢነኩ ራሴ እንደማስወጣቸው፣ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ኮምፒውተር አጠገብ መቅረብ እንደሌለበት ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ለነገው ማን ይይዝለታል?»

ጥያቄው ይበልጥ አናደደኝ፤ ክፍሌ ገብቼ በሩን ድው አድርጌ ዘጋሁባቸው።

በማግስቱ ከምሳ በፊት አንድ ነገር ሠራሁ። ከመጨረሻው አውቶቡስ አንዲት ወንበር ስም ሳይጻፍባት ትያዛለች፤ ትሬዱ ይህን ጽፎ ወዲያው ቁልፉን ይለቃል፤ ሌላው ሽያጭ ይቀጥላል። ሞተር ሲነሳ የሚሮጥ ሰው ካልመጣ ወንበሯ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ትሸጣለች። ሥራ አስኪያጁ ምንድነው ሲለኝ «ትሬዶቹን የሚያሳርፍ ነው» አልኩት፤ ደስ ብሎት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የክፍሌ በር ላይ ይመጣሉ። አይገቡም፤ ከልክያቸዋለሁ። «ይዘሻል?» ይላሉ። «ይዣለሁ! ይሂዱ፣ ሥራ አለብኝ!» እላቸዋለሁ። ይሄዳሉ። በየቀኑ ሥራ ያስፈቱኛል። በየቀኑ ያንኑ ጥያቄ። አንድም ቀን አምነውኝ አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ታመው ቀሩ። በስንት ጊዜዬ ሰላም አገኘሁ ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ። የመጨረሻው አውቶቡስ መነሻ ሲቃረብ በሩን አየሁ። ማንም የለም። ትንሽ ሠራሁና ደግሞ አየሁ። በዚህ ሰው ላይ ያለኝ ንዴት ተወዳዳሪ የለውም፤ ታመው እንኳ ሥራ ያስፈቱኛል። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። አንሥተው ገና አቤት ሳይሉ ሳል ያዛቸው።

«ጋሼ፣ ይዣለሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «አሁን ይተኙ!»